ከማስነጠስ የምታጥር ቃል

ባሌ ኡስታዝ ዋግዲ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያጠናት ቃል ከማስነጠስ ታጥራለች። «ና» ናት። በቃ፣ ከፊቷም ከኋላዋም ምንም የለም። ሌላው ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ድሮ የልጅ ልጅ ያያል፣ ቤት ይሠራል፣ ሌላው ቢቀር ይወፍራል። የኔው ሰውዬ ግን «ና በዓለም ቋንቋዎች ዘንድ» የሚል መጽሐፍ ልጽፍ ነው ብሎ ተነሣ፣ ሳይጽፈው ሸበተ። ኡስታዝ ስላልኩ ደግሞ ሃይማኖት የሚያስተምር እንዳይመስላችሁ። በእስክንድርያ ጂኦግራፊ የሚያስተምርም ኡስታዝ ነው፤ ክራባት ካሰረ የማያስተምርም ኡስታዝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በተጋባን ዓመት ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዓይኑ እያበራ መጣ። አንዲት ቃል በአንዱ አገር ሰው ትጠራለች፣ በሌላው አገር ሰው ታባርራለች የሚል ነገር ጋዜጣ ላይ አንብቦ ኖሯል።

«ኢንሻራህ፣ በየአገሩ የምትለውን ሁሉ እሰበስባታለሁ» አለኝ። «የኔን ጽሕፈት እኔም አላነበውም፤ ያንቺ ያምራል። እኔ እሰበስባለሁ፣ አንቺ ካርድ ላይ ትጽፊያለሽ። ሽፋኑ ላይ የሁለታችንም ስም ይወጣል።»

አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፣ አመንኩት። ሌላዋ ሙሽራ የወርቅ አምባር ትጠይቃለች፤ እኔ ግን ሽፋን ላይ ስም ተሰጠኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ጎትተው ያስወጡኝ ሰው ነኝ። የአራት ወንድሞቼ የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተደርድሯል፤ እኔ አቧራውን ስጠርግ ነው ያደግኩት። ስሜ ታትሞ የማየው አንድ ቦታ ነበረኝ፣ እሱም ያ ሽፋን ነው። ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም።

ዋግዲ አንድም የውጭ ቋንቋ አይችልም። እንግሊዝኛው «ጉድ ሞርኒንግ» ላይ ተጀምሮ እዚያው ላይ ያልቃል። ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ባሕሪ ሰፈር፣ ጀልበኞች ከሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ይሄዳል። እነሱ መርከበኛውን ከመርከብ ወደ ወደብ ስለሚያመላልሱ የዓለምን ቋንቋ ሁሉ የሚያውቁ ይመስለዋል። ሻይ ያዛል፣ ብርጭቆው ፊታቸው እስኪቀመጥ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይጠይቃል።

«ሙርሲ ወንድሜ፣ አንተ ከኖርዌዮች ጋር ነው የምትውለው። ና ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?»

እዚህ ላይ የከተማዬን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ «አላውቅም» ማለት ነውር ነው። መንገድ የጠፋው እንግዳ ቢጠይቀን፣ ቦታውን በስም እንኳ ሰምተነው ባናውቅ፣ እጅጌውን ይዘን እስከ ተሳሳተው ጎዳና እናደርሰዋለን፣ እዚያም መርቀን እንሸኘዋለን። ሰውን መልስ ከልክሎ መስደድ የንፉግ ሥራ ነው። ሻይህን ጠጥቶ «እንጃ» የሚልህ ጀልበኛ ደግሞ ገና አልተወለደም። ሙርሲ ሻዩን ፉት ይላል፣ ባሕሩን ያያል፣ ጉልበቱን ያካል።

«ና? ና እንኳን… አንድ ዓይና ዓሣ ነው፣ ኡስታዝ። ብርድ ባሕር ውስጥ ነው የሚገኘው።»

«አላህ ያክብርህ!» ይላል የኔው ጅል፣ ይጽፋል።

በዚህ ዓይነት ማልታዎች ዘንድ «ከዝናብ በኋላ የሚመጣ እንቅልፍ» ሆነች። ቱርኮች ዘንድ «ለአማት የሚወሰድ ትንሽ ስጦታ»። ኧረ ስንቱን! ስለ ዴንማርኮች ሁለት ጀልበኞች ተጣሉና አንዱ «ገመድ ነው» ሌላው «ጎመን ነው» አሉ፤ ዋግዲ ሁለቱንም አስመዘገበኝ።

«ሀብታም ቋንቋ ነው» አለኝ በአድናቆት።

«የሙርሲ ሆድ ነው ሀብታሙ» አልኩት። አልሰማኝም። እሱ ሲናገር እንጂ ሲነገረው አይሰማም።

እኔ ዐጣሪን ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ነው፤ ልብሱን ሊያስጠብብ፣ ሊያሰፋ፣ ሊያስጥፍ የማይመጣ ዘር የለም። እኔ ስለ ቃል ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ሰው ስለ ቋንቋው ሲጠየቅ ወይ ይዋሻል ወይ ይኩራራል። ቃል የሚያዘው ሰው ሲጣላ፣ ሲቸኩል፣ ሱሪው ሲጠበው ነው። የሩስያዊው መሐንዲስ ሚስት ካፖርቱን ባሏ ደረት ላይ እየወረወረች «ና!» ስትለው «እንካ» ማለቷ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? አይቻለሁ እኮ! የህንዱ ወጥ ሠሪ ሸሚዙን ትንሽ ላጥብብልህ ስለው «ና፣ ና፣ ና!» እያለ ሁለት እጁን አወናጨፈ፤ እምቢታ ነው። የዛንዚባር ተማሪዎች ዘንድ ሰውን ከሰው የምታጣምር ናት፣ እገሌና እገሌ እንደማለት። ጃፓኖች ዘንድ «ስም» ማለት ናት፤ ያቺን ካርድ ከሁሉ አስውቤ ነው የጻፍኳት። ሐበሻዋ አልጋነሽ ደግሞ ባሏ ደጅ ቆሞ ወሬ ሲይዝ «ና! ና እንጂ!» ትለዋለች፣ ሰውዬው እየሮጠ ይመጣል። ለሴት ግን እንደዚያ አትባልም፣ ሴት የራሷ መጥሪያ አላት አለችኝ። ወንድን በአንዲት ፊደል የሚያስሮጥ ሕዝብ ምንኛ ዐዋቂ ነው አልኩ።

ሦስት ጊዜ፣ ከሦስት ሰው አፍ ሳልሰማ አልጽፍም ነበር። በካርዱ ጀርባ ቀኑን፣ ማን እንዳለው፣ ምን ሲያደርግ እንዳለው አሰፍራለሁ። የእሱን የሻይ ቤት ወሬ በሰማያዊ ቀለም፣ የኔን በአረንጓዴ ጻፍኩ። አንድ ቀን «ይሄ አረንጓዴ ምንድን ነው?» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሳጥኑ ሲሞላ ግን «አቤት ስንቱን ሰበሰብኩ!» ብሎ ክዳኑን መታ መታ ያደርገዋል እንጂ አንዲቱንም አውጥቶ አያነብም። በመጨረሻ ሁለት መቶ ሠላሳ ካርድ ሆነ። ዘጠና አንዱ የኔ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ የቋንቋ ወዳጆች ማኅበር የሚባለው፣ ጡረተኞች ሐሙስ ሐሙስ የሚያንቀላፉበት ማኅበር፣ መጽሐፉን ላሳትም አለ። በእኛ ዘንድ ሽፋን ይቀድማል፣ መጽሐፍ ኋላ ይደርሳል። ገና ካርዶቹ ማተሚያ ቤት ሳይገቡ የሽፋኑና የመቅድሙ ናሙና ሰኞ ጠዋት ቤት መጣ። ዋግዲ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንደ ሙሽራ ልብስ ያሻሸዋል። አየሁት። «ኡስታዝ ዋግዲ ሰሊም» ይላል፣ በትልቁ። ከሥሩ ባዶ ነው።

«ዋግዲ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሽፋኑ ነዋ! አያምርም?»

«ያምራል። ግማሹ የት ሄደ?»

«የምን ግማሽ?»

«ስሜ!»

ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! ገልጠሽ እዪው፣ መቅድሙ ላይ አለሽ።»

ገለጥኩ። «ሻይ በማፍላትና በትዕግሥት ላልተለየችኝ ባለቤቴ» ይላል። ሻዩን የሚጠጣው ባሕሪ ሰፈር! ቤት ውስጥም ቢሆን የሚያፈላው ራሱ ነው፣ እሱንም ያሳርረዋል። እዚያም ላይ እንኳ ስም የለኝም፤ ባለቤቴ ነኝ፣ እንደ ድመቴ፣ እንደ ጃንጥላዬ።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር» አልኩት።

«ያኔ ልጆች ነበርን። እስቲ አስቢው ሴትዮ፣ ማኅበሩ ምን ይላል? ስድስተኛ ክፍል ያልጨረሰች ልብስ ሰፊ ከኡስታዝ ጋር ጎን ለጎን? መጽሐፉን ይንቁታል።»

«ጨርሻለሁ ስድስተኛን። ደግሞ ዘጠና አንዱን ካርድ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ጻፍሽው እንጂ መቼ አመጣሽው? ጸሐፊና ሰብሳቢ ይለያያል!»

እንዲህ አሉ እሳቸው።

ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ማዳም ዴስፒና ዘንድ ወጣሁ። ግሪካዊት ናት፣ ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመቷ፣ ዘመዶቿ ሁሉ መርከብ ተሳፍረው ሲሄዱ «ድመቶቼን ማን ያበላል?» ብላ የቀረች። ታሪኩን ነገርኳት። የሱፍ አበባ ፍሬዋን እየፈለቀቀች ሰማችኝ።

«አልቅሰሻል?» አለች።

«ምን ቆርጦኝ!»

«እሰይ። እንግዲያው የራስሽን ከሳጥኑ ውሰጂ። የሱ ለሱ ይቅርለት።»

«ሳይነግሩት?»

«ካነበበው ይደርስበታል፤ ካላነበበው ምኑ ተወሰደበት?»

ወርጄ አረንጓዴዎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፣ ዘጠና አንዱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሳጥኑ እንዳይቀልለው ከሥሩ የአዝራር ከረጢት አስቀመጥኩ። በማኅበሩ ፊት ከካርዶቹ የሚያነብበት ቀን ሐሙስ ነው፤ ሙሉ ሦስት ቀን ነበረው። አንዴ ቢከፍተው፣ አንዲት ካርድ ቢፈልግ፣ «ኢንሻራህ፣ የጃፓኖቹ የት ሄደች?» ቢለኝ ኖሮ፣ ወላሂ ሁሉንም መልሼ ፀጥ ባልኩ ነበር። ሳጥኑን በጨርቅ ወለወለው። ማንጠልጠያ ሠራለት። አልከፈተውም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ የማኅበሩ አዳራሽ ሞላ። እኔና ዴስፒና መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። የማኅበሩ ሊቀመንበር ዶክተር ሸውከት ዋግዲን በውዳሴ አጥቦ ወደ መድረክ አወጣው። ዋግዲ ሳጥኑን ከፈተ፣ እላይ ላይ ካሉት ካርዶች ማንበብ ጀመረ። አንድ ዓይና ዓሣ። ከዝናብ በኋላ የሚመጣ እንቅልፍ። ገመድና ጎመን።

አሁን ይስቁበታል ብዬ ቦርሳዬን ጨበጥኩ። ማን ሊስቅ! ጭንቅላት ሁሉ ወደ ላይ ወደ ታች ይወዛወዛል።

«ልክ ነው!» አለ አንድ ክራባታም ከፊት። «ያንን ዓሣ ኖርዌይ ሳለሁ በልቼዋለሁ። አጥንት ይበዛዋል።» ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ ከታንታ ከተማ አልፎ አያውቅም።

«የአማቷም ነገር እውነት ነው» አለ ሌላው። «ቱርኮች ለአማት ክብር አላቸው።»

አጨበጨቡ። ለካስ ጀልበኞቹ ብቻ አይደሉም! የተማረውም፣ ዶክተሩም፣ መነጽር ያጠለቀውም አንድ ነው፤ እነዚህ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ነው የሚዋሹት። መጽሐፉ በዚህ ቅሌት ይታተማል፣ ማንም አያውቅም፣ የኔ ዘጠና አንድ እውነት ቦርሳ ውስጥ ይበሰብሳል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እዚህ ደግሞ የተለቀለቀው ሁሉ እያመሰገነ ነው።

ያኔ ዶክተር ሸውከት ጉሮሮውን ጠረገ። «ኡስታዝ፣ አንዲት ነገር ብቻ። ግሪኮችስ? ከግሪክ ጋር አንድ ደረጃ እየወጣን ያደግን ሰዎች ነን። እንዴት ትቀራለች?»

«አልቀረችም፣ አልቀረችም!» አለ ዋግዲ። ሳጥኑን በረበረ። ወደ ታች ገባ። አዝራሮቹ ሲንሿሹ ከኋላ ይሰማኛል። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ቀና ሲል ያየሁት ፊት የሙርሲን ፊት ነበር፣ ቁርጥ።

«ግሪኮች ዘንድ… ና ማለት… ‹ሰላም ላንተ ይሁን› ማለት ነው። በጣም የአክብሮት ቃል ነው።»

ዴስፒና አጠገቤ ብድግ አለች። በሰባ አራት ዓመቷ እንደ ጦር ቀጥ ብላ ቆመች፣ አምስት ጣቷን ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ ፊቱ ገፋች።

«ና!» አለችው።

ይህን በሕይወቱ ያልቀመሰ የእስክንድርያ ሰው የለም። «ይኸውልህ፣ ፊትህ ላይ!» ማለት ነው፤ ጥላሸት በእጅ ሙሉ ዝቆ እንደ መለጠፍ ያለ ስድብ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ዓሣውን በላሁ ያለው ሰውዬ ዕንባው እየወረደ ጭኑን ይመታል።

ዋግዲ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ መጨረሻው ረድፍ ቀሰረ። «ካርዶቹን የጻፈችው ባለቤቴ ናት! ስህተቱ የሷ ነው! ይችውላችሁ እዚያ ተቀምጣለች፣ ኢንሻራህ!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሜን በሰው ፊት እንዲጠራልኝ የጠበቅኩት ለዚህ ኖሯል። ያፈርኩ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ተናደድኩ። ተነሥቼ በመሐል መንገዱ ወደ ፊት ሄድኩ፣ ቦርሳዬን መድረኩ ላይ ገለበጥኩት። የግሪኮቹን ካርድ አንሥቼ አነበብኩ። ጀርባውንም አነበብኩ፦ ማዳም ዴስፒና፣ ለሥጋ ሻጩ፣ ሚዛን ሲያጎድልባት። ከዚያ የሩስያዋን፣ የህንዱን፣ የሐበሻዋን። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ዶክተር ሸውከት መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አደረገና ካርዶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ አያቸው።

«እመቤቴ፣ እነዚህ የማን ናቸው?»

«የኔ።»

«እነዚያ ሰማያዊዎቹስ?»

«የሻይ ናቸው።»

ዶክተሩ ወደ ዋግዲ ዞረ። «ያለ እነዚህ መጽሐፍ የለም፣ ኡስታዝ። ሽፋኑ እንደገና ይሠራል። የሁለታችሁን ሙሉ ስም በእጅዎ ጽፈው፣ ከካርዶቹ ጋር እስከ ቅዳሜ ያምጡልኝ። ያለዚያ ነገሩ ይቅር።»

ወደ ቤት ስንሄድ ከደስታ ብዛት መሬት አልረገጥኩም። እሱ በዚያኛው ጠርዝ፣ እኔ በዚህኛው ጠርዝ፣ ዴስፒና መሐላችን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ዋግዲ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተዘረፈጠ። ትንሽ ቆይቶ ለሰለሰ።

«ኢንሻራህዬ፣ ሰው ሲደነግጥ ምን የማይለው አለ? ተይው በቃ። አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?»

«ሳጥን ተሸካሚ።»

«ይሁን። ካርዶቹን ስጪኝ፣ ጠዋት ይዤ ልሂድ።»

«መጀመሪያ ጻፍ።»

ነጭ ወረቀት አመጣሁ፣ እስክሪብቶ ሰጠሁት። እውነት ለመናገር ተቆጥቼም ቢሆን ልቤ እንደ ልጅ ይዘል ነበር። ቦርሳውን ከፍቼ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አወጣኋቸው፣ በክር አሰርኳቸው፣ እሱ ሲጽፍ ወደ እሱ አስጠጋኋቸው። ቆም አላለም። አላመነታም። ቀና ብሎ አላየኝም። ሁለት መስመር ጭሮ፣ ፈርሞ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

የእሱን ጽሕፈት በዓለም ላይ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ። «ኡስታዝ ዋግዲ ሰሊም እና ኢንሻራህ አብዱልሐሚድ» ይላል።

አብዱልሐሚድ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የኔ አባት ጋቢር ይባላል። ኒካሕ ሲታሰር ከነጩ መሐረብ ሥር የዋግዲን እጅ ጨብጦ እኔን የሰጠው ጋቢር ነው። ዋግዲ ዐሥራ ሁለት ዓመት አርብ አርብ ከማዕዱ የሙሉኪያ ወጥ በልቷል፣ ሲሞትም ከአስከሬን ተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። «የአባትሽ ስም ማን ነበር?» ማለት ምን ይከብዳል? አፍሬ እነግረው ነበር፣ ግን እነግረው ነበር።

ካርዶቹን መልሼ ወደ ቦርሳዬ ከተትኩ።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?» አለ። «ጻፍኩልሽ እኮ!»

«ጽፈሃል» አልኩት፣ ወረቀቱን እጁ ላይ እያስቀመጥኩ። «በል፣ ይቺን ኢንሻራህ አብዱልሐሚድን ፈልጋትና ካርዶቹን ከሷ ተቀበል።»